ከአምስተኛው ሰው በኋላ

መስከረም 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

ናትናኤል ዛሬም ከወልቂጤ መጥቶ ዋለ። የክሊኒካችንን ኮምፒውተር የሚያበጀው እሱ ነው። ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ «እትዬ ማርታ፣ ኬብሉን እንዳይረግጡት» ሲለኝ ዋለ። አልረገጥኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርድ ክፍል ስሠራ የረገጥኩት ነገር ቢኖር የራሴን ነጠላ ነው።

ድሮ እኔና ሀጀራ በሁለት መስኮት እንቀመጥ ነበር፣ ከኋላችን የወረቀት ካርድ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ። ነሐሴ ላይ ወረቀቱ ሁሉ ታስሮ መጋዘን ገባ። አሁን ቁጥር እንጽፋለን፣ ስም ይመጣል። ከስሙ በታች «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቦታ አለ፤ ለሰውየው የማይስማማ መድኃኒት ካለ እዚያ ይወጣል፣ ከሌለ «የለም» ይላል። እሱን በወረቀት አትመን ወደ ሐኪም መላክ ነው። ጥሩ ነው፣ አቧራ የለው፣ ማስነጠስ የለው።

ላብራቶሪውና ፋርማሲውም በኮምፒውተር ስለጀመሩ ግን መጋዘን ያለው ትልቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ሁሉም ባንዴ ሲጠይቀው ይጨናነቅ ነበር። ናትናኤል ትናንት በኛና በሰርቨሩ መሀል ሰልፍ አስያዥ አስገባሁ አለ። ሰው አይደለም፣ እሱም ፕሮግራም ነው። «ለሰልፍማ ዘበኛው አለልን» አልኩት። ሳቀ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትሁት ነው፣ የእናቱን ቤት ጣሪያ ያሳደሰው እሱ ነው። ምሳ የሺመቤት ምግብ ቤት ይዤው ሄድኩ። የሺመቤት እኔን ስታይ አትጠይቅም፣ ለጨጓራዬ አልጫ ሽሮ ነው የምታመጣው።

መስከረም 9

ቸኩያለሁ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ በእንግሊዝኛ። ናትናኤልን በስልክ አነበብኩለት፤ «ኤስ ሦስት የለም» ማለቱ ነው አለ። ሀጀራ መስኮት ደግሞ «ኤስ ሦስት አስቀድሞ አለ» ይላል። አለ ወይስ የለም፣ ተነጋግረው ቢጨርሱ ምን ነበረበት። ዘግቼ ስከፍተው ሠራ።

መስከረም 12፣ እሁድ

ከጸሎት ቤት መልስ። ባሌ ገብሬ ተኝቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እስቲ ላውራ።

ቀዩ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ምልክት ሳደርግ ሰነበትኩ። ያየሁትን ልጻፍ። ፕሮግራሙን ከፍቼ አምስት ሰው በደህና አሳልፋለሁ። ስድስተኛው ላይ ይደናቀፋል። አንዳንዴ ስምንተኛው፣ አንዳንዴም አሥረኛው ላይ ነው። ከአምስተኛው ሰው በፊት ግን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። ዘግቼ ስከፍተው እንደገና አምስት ሰው ይሰጠኛል።

ለናትናኤል ነገርኩት። «እትዬ፣ ኔትወርኩ ነው፤ ማሽን ሰው አይቆጥርም» አለኝ በትሕትና። እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፣ ምን ብዬ እከራከረዋለሁ። ግን የራሴን ሕግ አወጣሁ፦ አምስት ሰው፣ መዝጋት፣ መክፈት። ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሀጀራም ተከተለችኝ። «አምስት ቆጥሮ ማረፉ እንደኔ ሰጋጅ ቢሆን ነው» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ገብሬ ደግሞ፣ አናጢ አይደል፣ መጋዙም እንደዚያው ነው አለኝ፤ አምስት ጣውላ ቆርጦ ካላሳረፈው ይግላል። ገብሬ ሁሉንም ነገር ወደ ጣውላ ነው የሚያመጣው።

መስከረም 21

መስቀል አለፈ። እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ ሆዳቸውን ለኛ ትተውልን። ማለቴ ክሊኒኩ በሆድ ሕመም ተጨናንቋል። ሰልፉ እስከ በሩ ነው።

አቶ ሸዋንግዛው፣ አስተዳዳሪያችን፣ መስኮቴ ድረስ መጡ። ቁጡ ሰው አይደሉም፣ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ቃላቸውን ለክተው ነው የሚያወጡት። «ወይዘሮ ማርታ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እርስዎ ማሽን ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። ቀይ ሲመጣ ብቻ ይዝጉ። ካልመጣ እየሠራ ነው ማለት ነው» አሉኝ። እውነት አላቸው። እሺ አልኩ።

መስከረም 24፣ ዓርብ

ገበያ። እስከ ምሳ ስልሳ ሦስት ሰው። አልዘጋሁም። ቀይ አንዴም አልመጣም፣ ተመስገን።

ከቆሼ አንዲት ልጅ። ሽፋ ሰይዶ። ትኩሳት፣ መናገር አቅቷታል፣ የባሏ እህት ደግፋ አመጣቻት። ቁጥር 4126። ስሟ መጣ። ማስጠንቀቂያ፦ የለም። አተምኩ። ሰጠሁ። ቀጣይ አልኩ።

ከሰዓት መርፌ ክፍል ጩኸት። አልወጣሁም፣ ሰው ነበረብኝ።

መስከረም 25

ልጅቷ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ አርፋለች። ፔኒሲሊኑ ነው አሉ።

ስክሪኑ «የለም» ነው ያለው።

አንሶላ አጠብኩ። አሰጣሁ። ደረቀ አልደረቀ ሳላይ አውርጄ እንደገና አጠብኩት።

መስከረም 26፣ እሁድ

ጸሎት ቤት ሄድኩ። አፌ ይዘምራል፣ እኔ እሰማዋለሁ። እህቶች ከበው ደህና ነሽ ወይ አሉኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ፣ እናንተስ አልኩ፣ ልጆቹስ አልኩ። ሁሉንም በየስማቸው ጠየቅኩ። ቤት ስገባ የማን ልጅ ምን እንደሆነ አንዱንም አላስታውስም።

ለገብሬ ጎመን ሠራሁለት። ጨው የለውም አለ። ጨመርኩበት። አሁን በዛ አለ። እጄ ነው እንጂ ሌላዬ እዚያ አልነበረም።

መስከረም 29

ኮሚቴ ተቋቁሟል። እስኪያልቅ ድረስ መስኮት ላይ አትቀመጪም ተባልኩ። መጋዘን ገብቼ የታሰረውን ወረቀት አቧራ አራግፋለሁ። ማንም አራግፊ አላለኝም።

ከበሩ ውጭ አንዲት ነርስ ለሌላዋ «ሴትዮዋ ቁጥር ተሳስታ ነው፣ ዓይኗ ደክሟል፣ መቼ መነጽር አደረገች» ስትል ሰማሁ። ቁጥር አልተሳሳትኩም። 4126 ጻፍኩ፣ ሽፋ ሰይዶ መጣ። ስሙ ትክክል ነው። ማስጠንቀቂያው ነው «የለም» ያለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዓይን ነው የሠራሁት።

ስክሪኑ የለም ካለ እኔ ምን ልበል።

ጥቅምት 2

ኮሚቴው የልጅቷን የድሮ ካርድ ፈልጉ ብሎ አዞ ነበር። ሀጀራ አገኘችው። እኔ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሁሉ ስውል አላገኘሁትም። አልፈለግኩትም ማለት ይሻላል።

በካርዱ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይሰጣት» ይላል። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ። ሀጀራ ካርዱን ይዛ ቆመች፣ ጽሕፈቱን አየች፣ እኔን አየች። የ«ፔ»ዬን ጅራት ማን አያውቀውም። ወስዳ ለአቶ ሸዋንግዛው ሰጠች።

አራት ዓመት። በቀን መቶ ሰው። ማን ያስታውሳል። ማንም ሰው አያስታውስም።

ጥቅምት 6

ናትናኤል ከወልቂጤ መጣ። የወረቀቱ ማስጠንቀቂያ ነሐሴ ላይ ኮምፒውተሩ ውስጥ በትክክል ገብቷል፤ ከፍቶ አሳየን፣ ቃል በቃል አለ። ታዲያ ያን ቀን ለምን «የለም» አለ? አቶ ሸዋንግዛው ይሄን አጣራ ብለውታል። ፊቱ ጠቁሯል፣ ጺሙን አልተላጨም።

«እትዬ፣ ያን የአምስቱን ነገር ድገሙልኝ» አለኝ። ነገርኩት። አንድ ሱልፋ የሚባል መድኃኒት የማይስማማው ሽማግሌ አለን፣ የእሱን ቁጥር ስጡኝ አለ። እኔ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሀጀራ ላብራቶሪ ሄዳ ፕሮግራሙን ስትነካካ ዋለች፣ ናትናኤል ከኋላዬ ቆሞ ይቆጥራል። አንድ፣ ሱልፋ። ሁለት፣ ሱልፋ። እስከ አምስት ሱልፋ። ስድስት ላይ ቀይ መጣ። ዝጉት አለ። እንደገና። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ዘጠነኛው መጠየቂያ ላይ፣ ቀይ ሳይመጣ፣ ማስጠንቀቂያ፦ የለም።

«አትንኩት» አለኝ። ተቀምጠን አየነው። በመስኮቱ አንድ ሰው እጁን አስገብቶ ካርድ አይወጣም እንዴ ዛሬ ብሎ ጠየቀ።

ጥቅምት 8

ምሳ ሰዓት ናትናኤል የሺመቤት ቤት አስረዳኝ። እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር ራሱ አያወራም፣ መልእክተኛ አለው። ድራይቨር ይባላል፣ መኪና ግን አይነዳም። መልእክተኛው መጀመሪያ ላይ ጥያቄውን ከነሙሉ ቃሉ ተሸክሞ ይሄዳል፦ የካርድ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ሰው ማስጠንቀቂያ ፈልገህ ስጠኝ። ሰርቨሩ ጥያቄውን ያነባል፣ የትኛው መዝገብ ውስጥ እንደሚፈልግ ያስባል፣ ያመጣል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። አንድ ዓይነት ጥያቄ አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ግን መልእክተኛው «ይህ ሰው ይህንኑ ነው የሚጠይቀው» ይልና ሰርቨሩን፦ ይሄን ጥያቄ አሰናድተህ ያዝልኝ፣ ስሙን ኤስ ሦስት ብዬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ነው የማመጣልህ ይለዋል። ሥራ ይፈጥናል። ክፋት የለበትም፣ የትም አገር እንደዚያ ነው አለ።

ነገር ግን ሰርቨሩም እንደኛ ብዙ መስኮት አለው፣ በአንዱ የተያዘውን ሌላው አያውቅም። ድሮ የኔ መልእክተኛ ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት ላይ ነበር የሚቆመው። ሰልፍ አስያዡ ከገባ ወዲህ ክፍት ወደሆነው መስኮት ሁሉ ይመራዋል። መልእክተኛው ግን መስኮት መቀየሩን አያውቅም። ሄዶ «ኤስ ሦስት፣ 4126» ይላል። ያ መስኮት ኤስ ሦስት የሚባል ካልያዘ፣ የለም ብሎ በቀይ ይመልሰዋል። የሁሉም መልእክተኞች ስም አወጣጥ ግን አንድ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ነው። እዚያ መስኮት ላይ የላብራቶሪው መልእክተኛ ቀድሞ የራሱን ጥያቄ ኤስ ሦስት ብሎ አስይዞ ከሆነስ?

እኔም እንዲህ አልኩት። የሺመቤት ታውቀኛለች፣ «የኔን» ካልኳት አልጫ ታመጣለች። እሷ በሌለችበት ቀን እህቷን «የኔን» ብላት የማን እንደሆነ የማላውቀውን ቀይ ወጥ ታቀርብልኛለች። አላውቅሽም ብትለኝ ይሻል ነበር።

«እሱ ነው» አለ። «ቀዩ ጽሑፍ አላውቅሽም ማለት ነው። የሚገድለው ሌላኛው ነው።»

ያለውን ራሱ ሰማው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አልጎረሰም።

ያን ቀን ስሙ የመጣው በሌላ ጥያቄ ነው፤ በማስጠንቀቂያው ፈንታ የተመለሰው ግን የላብራቶሪው ነው፦ በ4126 ያልተላከ ውጤት አለ ወይ? አልነበረም። ባዶ መጣ። ባዶውን የኛ ፕሮግራም «የለም» ብሎ ጻፈው።

አስተካክሎታል። አምስት የሚለውን ቁጥር ዜሮ አደረገው፤ መልእክተኛው ከእንግዲህ ስም አያወጣም፣ ሁልጊዜ ሙሉውን ጥያቄ ይናገራል። አንድ ቁጥር ነው የቀየረው። ደቂቃ አልፈጀም። የሰልፍ አስያዡ መመሪያ ላይ ይሄንኑ አድርጉ ብሎ ተጽፎ ነበር አለኝ። «አላነበብኩትም፣ እትዬ። እርስዎም ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም።»

አይዞህ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። እሱ አለቀሰ፣ እኔ ሳህኑን አየሁ።

ጥቅምት 14

ኮሚቴ ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች፣ አቶ ሸዋንግዛው መሀል። የናትናኤል ጽሑፍ ፊታቸው ነበር። ያን ቀን ስንት ሰው አሳለፉ አሉኝ፣ ነገርኩ። ለምን አልዘጉትም አሉኝ፣ አቶ ሸዋንግዛውን አየሁ፣ እሳቸው ራሳቸው «እኔ ነኝ እንዳይዘጉ ያዘዝኩት» አሉ። ወንድ ናቸው።

ከዚያ ዳር ላይ ያሉት ሐኪም የቀይ እስክሪብቶውን ካርድ አንስተው «ልጅቷን ያስታውሷት ነበር?» አሉኝ።

«ስክሪኑ የለም አለ» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅኩም።»

«አራት ዓመት ሆኖታል፣ ዶክተር» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «ማን ያስታውሳል? እንቀጥል።»

ቀጠሉ።

ጥቅምት 19

ደብዳቤው ደረሰኝ። ማኅተም አለው። ስህተቱ የቴክኒክ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ወይዘሮ ማርታ ከኃላፊነት ነፃ ሆነው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ይላል። ሀጀራ አቀፈችኝ፣ ለስላሳ ገዛች። ናትናኤል ሥራውን ለቀቀ፤ አስለቅቀውትም ይሆናል። ሲሄድ ሊሰናበተኝ መጣ፣ እጄን ሁለቴ ጨበጠ። የእናቱን ስም ጠየቅኩት። ረድኤት ነው አለ። ሰላም በልልኝ አልኩት።

ገብሬ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበና ክፈፍ ልሥራለት አለ። አይሆንም አልኩ። አዘነ።

መስኮቴ ላይ ተመልሻለሁ። ቁጥር እጽፋለሁ፣ ስም ይመጣል። ሃያ ሰው፣ አርባ ሰው። አንዴም አልተሳሳተም።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ክሊኒኩ ሽማግሌ ወደ ቆሼ ልኮ ነበር። ተመልሰዋል። የልጅቷ አባት አቶ ሰይዶ በክብር ተቀብለዋቸዋል። የማሽን ስህተት መሆኑን፣ የሰው እጅ እንደሌለበት አስረዱ። አባትየው ከአላህ ነው አሉ፣ ፋቲሃ ተደረገ፣ አለቀ። አቶ ሸዋንግዛው ሁላችንንም ሰብስበው ነገሩ ተዘግቷል፣ ከእንግዲህ ማንም ወደዚያ ቤተሰብ ወሬ እንዳይወስድ አሉ።

ገብሬ «ነፃ ወጥተሽ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምንም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም ነው። አያመኝም፣ አያስለቅሰኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁም።

ሽፋ ያኔ፣ በ2002፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ቢሆን ነው። አረንጓዴ ሻሽ ነበራት። ክንዷ እስከ ክርኗ አብጦ፣ በእብጠቱ ላይ ጣቷን እየጫነች ስርጉድ ሲል ታሳየኝና ትስቅ ነበር። «እማማ፣ እዩት፣ ሊጥ ሆንኩ» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ቀይ እስክሪብቶ ከሐኪሙ ክፍል ተውሼ ነው የጻፍኩት፣ የኔ ሰማያዊ ስለነበር። እስክሪብቶውን አልመለስኩም።

ይሄን ሁሉ ማን ያስታውሳል ብዬ ነበር።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ጸሎት ቤት እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ መናኸሪያ ገባሁ። እስከ እንሴኖ፣ ከእንሴኖ ቆሼ። የአቶ ሰይዶን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። አሰላሙ አለይኩም አልኩ፣ አለይኩም ሰላም አሉኝ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ ሰጡኝ። ካርድ ክፍል የምሠራው ነኝ ስል የልጅቷ እናት እጄን ይዘው ሳሙት። አንቺንም አስጨነቁሽ አሉኝ፣ ማሽኑ በሠራው። ሽማግሌዎቹ ነግረዋቸው ኖሯል።

እጄን ከእጃቸው አወጣሁ። በቃሌ ያጠናሁት ነበር፣ እንሴኖ ላይ ሁሉ ስደጋግመው ነበር፣ ግን ሌላ ሆኖ ነው የወጣው።

«አስታውሼያት ነበር» አልኩ። «በመስኮቱ ሳያት አወቅኳት። ቁጥሯን ስጽፍ ክንዷ ትዝ አለኝ። ስክሪኑ የለም አለ፤ የለም ሲል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ካርዷ ላይ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኋላ ሐኪም አይቶ አንስቶት ይሆናል፣ ማሽኑ ከኔ ይሻላል ብዬ ነው። ከኋላዋ ሰው ነበር። አተምኩት።»

አቶ ሰይዶ ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሱም። እናትየው ሊጮሁ መስሎኝ ነበር፣ አልጮሁም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«እኛ እኮ ማሽን ነው ብለን ነው እንቅልፍ የወሰደን» አሉኝ። «ማሽን አይጠላም። አሁን ልጠላሽ ነው? እጅሽን ስሜ?»

ይቅርታ ለማለት ነበር የሄድኩት፣ እሱን አላልኩም።

ስነሳ አቶ ሰይዶ ተነሱ። እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም ብለው መሰለኝ። እስከ መኪናው ድረስ አንድ እርምጃ ቀድመው ሄዱ። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ብዙ ቆየ። እሳቸው ከመስኮቴ አጠገብ በትራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ። ይሂዱ እንጂ ልላቸው ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ሞልቶ እስክንነሳ ድረስ አልሄዱም፣ አላዩኝምም።